የአክሊሉ ብሎን

አክሊሉ ያጠበቀው ብሎን አይላላም። ይህን መጀመሪያ ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ጉረኛ ስለሆነ። ቀጥሎ ግን ሌላውም ሰው ይለው ጀመር፤ እውነት ስለሆነ።

የኦስሎ ሐበሻ በር አልዘጋ ሲለው፣ የሕፃን ጋሪ ጎማ ሲወልቅበት፣ የልብስ ማጠቢያው እንደ ጅብ ሲጮህበት የሚደውለው ለአክሊሉ ነበር። አክሊሉ በአንድ ትምህርት ቤት ሕንጻ ጠባቂ ነው፤ አምፖል ይቀይራል፣ ልጆች የሰበሩትን ወንበር ይጠግናል። ከሥራ ሲወጣ የዕቃ ሣጥኑን አንጠልጥሎ በአውቶቡስ ወደ ጠራው ሰው ቤት ይሄዳል። ሻይ ቢያቀርቡለት አይቀምስም። መጀመሪያ ብልሽቱን ያያል፣ ከዚያ ከእሱ በፊት የነካካውን ሰው ይሳደባል፣ ከዚያ ይሠራል። ሲጨርስ ከኪሱ የባለቤቱን የወይንሀረግን ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥቶ ካጠበቀው ብሎን ራስ ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል። ብሎኑ የፀጉር ያህል ቢዞር መስመሯ ትሰበራለች፤ ካልዞረ እንዳለች ትኖራለች። ዘዴውን የተማረው መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ሞተር ይፈታ ከነበረው አለቃው ነው። የጥፍር ቀለሙ ግን የራሱ ማሻሻያ ነው።

"ይቺ መስመር ካልተሰበረች እኔን አትጥሩኝ" ይላል። "ጥፋቱ የሌላ ነው።"

ሴቶቹ ይስቁበት ነበር። ወይንሀረግ ራሷ "ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አንድም ቀለም ጥፍሬ ላይ አላለቀም" ትላለች። ቢሳቅበትም፣ ከሞርተንሩድ ሰፈር እስከ ግሮንላንድ ሰፈር ባለው ሐበሻ ቤት ሁሉ፣ በበር ማጠፊያው፣ በአልጋው እግር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጽናጽል ላይ ሳይቀር ያቺ ቀይ መስመር ነበረች።

አድነው ደግሞ የአክሊሉ ጓደኛ ነበር። ኖርዌይ እንደገቡ በስደተኞች መጠለያ አንድ ክፍል ሰጧቸውና አሥራ አራት ወር አብረው ኖሩ። ሁለት ሰው እንዲያ ባለ ጠባብ ክፍል ያን ያህል ጊዜ ከኖረ ወይ ይጣላል፣ ወይ ወንድም ይሆናል። እነሱ ሁለቱንም ሆኑ። አድነው ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ያለ የገጠር ሰው ነው፤ ጠመንጃ ሲያይ የአባቱን ቤት ያየ ይመስለዋል። አክሊሉ የከተማ ልጅ ነው፤ የሚወደው ተኩሱን ሳይሆን ብረቱን ነው። የአደን ፈተናውን አብረው ወሰዱ። አድነው በመጀመሪያው አለፈ፤ አክሊሉ በሦስተኛው። ይህን መናገር አይወድም፤ እኔ ግን እናገራለሁ።

ኖርዌጂያኖቹ በተራራ ላይ የሚያድኗትን ነጭ ወፍ ሁለቱ ቆቅ አሏት፤ ቆቅ ትመስላለች፣ አበቃ። ቀሲስ ዘሚካኤል ዘንድ ሄደው "በጥይት የወደቀ ይበላል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ቀሲስ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው "በስመ አብ ብላችሁ ተኩሱ፤ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሳችሁ ባርካችሁ እረዱ" አሏቸው። እንግዲህ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቢላ ይዞ፣ ሌላው "ደርሰንባታል፣ ደርሰንባታል" እያለ፣ ክንፏን የተመታች ቆቅ በበረዶ ላይ ሲያባርሩ ማየት ነው። ጥንቸል በእግራቸው መሐል ቢያልፍ ግን አይነኩም። በእነዚያ ዓመታት በጣም ይስቁ ነበር።

ከዚያ አድነው ሳቁን ተወ። በአረጋውያን መጦሪያ ሲሠራ አንድ ከባድ ሽማግሌ ሲያነሣ ወገቡ ተጎዳ። ሲክመልዲንግ፣ ማለትም የሕመም ፈቃድ፣ ተሰጠው፤ ፈቃዱ ተራዘመ፤ ከዚያ የናቭ፣ የመንግሥቱ የድጎማ ቢሮ፣ ደብዳቤ፣ ከዚያ ሌላ ደብዳቤ። በመሐሉ አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሙ ተገደለ። መርዶውን በስልክ ሰማ፤ መንገዱ ዝግ ነውና ሄዶ አፈር አላለበሰውም። ሐኪም ክኒን ጻፈለት፤ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "እንዴት ነህ አድኔ?" ሲሉት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። እኛ ሰዎች በዚህች ቃል ስንቱን ቀበርን! የሚጠይቀውም የሚመልሰውም እንደሚዋሽ ያውቃል፤ ሁለቱም ግን እግዚአብሔርን አመስግነው ይለያያሉ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አድነው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃውን በሻንጣ ይዞ ፕሪንስዳል ሰፈር አክሊሉ ቤት መጣ። በሌላ እጁ ትንሽ ካርቶን ይዟል። ከካርቶኑ ውስጥ ያወጣው የምላጭ ከለላ ነበር፤ ጣት የሚስበውን ምላጭ ዙሪያውን የሚከበው ቅስት ብረት። ጠመንጃው ላይ ካለው ይሰፋል። ከጠመንጃው ፋብሪካ ሳይሆን ለብቻው ከሚሠራ ሌላ ድርጅት ያዘዘው ነው።

"ጓንት ስለብስ ጣቴ አይገባም" አለ አድነው። "አምና ቆቋ እያየችኝ ጓንት ሳወልቅ በረረች።"

"ጠመንጃ ሠሪው ጋ አትወስደውም?"

"አንተ እያለህልኝ?"

አክሊሉ በአንዲት ቃል ይገዛል፤ ይቺው ናት ቃሏ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረገ፣ መነጽሩን አደረገ፣ የድሮውን ከለላ ፈታ። "ይህን የገጠመው ሰው እጁ ላይ ጣት አልነበረውም እንዴ?" እያለ ፋብሪካውን ተሳደበ። አዲሱ ከእንጨቱ ጋር አልስማማ ብሎት በሞረድ ጥቂት ጥቂት እየነካካ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ገጠመው፣ አጠበቀው፤ ወይንሀረግም ቀለሙን ራሷ ከመስኮቱ አንሥታ አቀበለችው። መስመሯን አሰመረ። አድነው ወፍራም ጓንቱን ለብሶ ጣቱን አስገባ፣ አወጣ፣ አስገባ።

"አሁን ልክ ሆነ" አለ።

"ኅዳር ላይ ተራራ እንወጣለን።"

"እንወጣለን" አለ አድነው፤ ፈገግም አለ።

ያን ዕለት አክሊሉ ደስ ብሎት ለሚስቱ "አድኔ ድኗል" አላት። "ለክረምት የተዘጋጀ ሰው ድኗል ማለት ነው።" ከልቡ አምኖ ነበር። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ።

ኅዳር ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ የአድነው ሚስት ሙሉ ደወለች። ድምጿ በጭንቅ ነበር የሚሰማው። "ጠመንጃውን ይዞ ወጣ፣ አክሊሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ነው የወጣው። ወዴት ብዬ ስጠይቀው ኤልዳናን ሳማት።" ኤልዳና ልጃቸው ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ከሙሉ ጋር የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። አክሊሉ ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወጣ።

የት እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር። ከእነአድነው ሰፈር ጀርባ ጫካው ውስጥ ሁለቱ ወደ ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ የሚያርፉባት አንዲት የጥድ ጉቶ አለች። አድነው ከጉቶዋ አጠገብ ወድቋል። አክሊሉ ገና ከሩቅ ሲያየው አልቆለታል። እንዴት እንደወደቀ አልጽፈውም፤ አክሊሉም ለማንም አልነገረም። ጉቶዋ ላይ ያየውን ግን እነግራችኋለሁ። ጓንቶቹ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። በላያቸው የእጅ ሰዓቱና የቤቱ ቁልፍ። ከሁሉ በላይ፣ ክብ ተደርጎ የተጠቀለለ፣ ማተቡ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከአንገቱ ያልወጣውን ማተብ ፈትቶ አስቀምጦታል።

የኖርዌይ ፖሊስ ይህን ቢያይ ክር ነው ይላል። አክሊሉ ግን አነበበው። አድነው አብዶ፣ ወይም ሳያስበው፣ ወይም አደናቅፎት አይደለም የሞተው። ሕጉን ያውቃል፤ በገዛ እጁ ለሞተ ፍትሐት እንደሌለው፣ ካህን ጸሎት እንደማያደርስለት ያውቃል። ስለዚህ እምነቱን እንዳያሰድብ ማተቡን አስቀድሞ ፈታ፤ እንደ ባዳ ልሂድ አለ።

አክሊሉ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ተሳደበ። ሲያለቅስ ይሳደባል፤ ጠባዩ ነው። "አንተ ባለጌ! አንተ ከሃዲ! እኔ ለክረምት ነው ያልኩት!" አለው። ከዚያ ማተቡን አንሥቶ በጓደኛው አንገት ላይ መልሶ አሰረ። ሰዓቱን አሰረለት። ቁልፉን ኪሱ ከተተው፤ ጓንቶቹንም ሌላው ኪሱ። ቀጥሎ ጠመንጃውን አየ። ቀይዋ መስመር እንዳለች ናት፣ አልተሰበረችም። የኪስ ቢላውን አወጣና መስመሯን ፋቃት። ብሎኑንም ላልቶ ከለላው እስኪወልቅ ድረስ መልሶ አዞረው። በሕይወቱ ሆን ብሎ ያላላው ብሎን ይኸ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ፖሊስ ጠራ።

ፖሊሶቹ "ነክተኸዋል ወይ?" አሉት። ማተቡን አሰርኩለት አለ፤ የማይገባቸውን ነገር ጻፉ። "ይህን ብረት ማን ገጠመው?" አሉ፤ እኔ አለ። የራሱን ጠመንጃም ወሰዱበት። "ምርመራው ጊዜ ይፈጃል" አሉት። ሬሳ ግን ጊዜ አይሰጥም። ወሬ ደግሞ ከሬሳም ይቸኩላል። ለቅሶ ወደ ሙሉ ቤት፣ ሞርተንሩድ፣ የመጣው ሰው ገና ጫማውን ሳያወልቅ በየጥጉ ሹክሹክታ ተነሣ። ስልኩን ጥሎ ነው የወጣው አሉ፤ መድኃኒት ይሰጡት ነበር አሉ። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ በታመመበት ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቁት ያልሄዱ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ቀሲስ ዘሚካኤል መጡ። ሙሉ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች፤ ኤልዳና እናቷን ተደግፋለች። ቀሲስ ተናገሩ። ጨካኝ ሰው አይደሉም።

"ልጆቼ፣ ሕጉን ታውቁታላችሁ። የሚወራውን እኔም ሰምቻለሁ። በገዛ እጁ ከሆነ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ልሸከመው የምችለውን ነገር ስጡኝ።"

አክሊሉ ከበሩ አጠገብ ተነሣ።

"እኔ ነኝ" አለ። "የምላጩን ከለላ እኔ ቀየርኩለት። ብሎኑን በደንብ አላጠበቅሁትም። ላልቶ ከለላው ወልቆ ነበር፤ ቅርንጫፍ ገብቶ ምላጩን ያዘው። እኔ ነኝ የደረስኩበት፣ አይቼዋለሁ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኢተፋ የሚባሉት፣ ቀስ ብለው "ቀይ ቀለምህስ? አልቀባኸውም?" አሉ። የእሳቸውም በር ላይ አለች መስመሯ።

"ቸኩዬ ነበር፣ ጋሼ ኢተፋ። አልቀባሁትም።"

ወይንሀረግ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ ባሏን አየችው። መልሳ አቀረቀረች።

ቀሲስ የእጅ መስቀላቸውን ዘረጉ። "በዚህ ፊት ነው የምትናገረው?"

"በዚህ ፊት" አለና ተሳለመው።

ሙሉ ከፍራሹ ተነሥታ መጣች። ሰው ሊይዛት ሞከረ፣ አልተያዘችም። ፊቱ ቆመች። ቁመቷ እስከ ደረቱ ነው። "ሃያ ዓመት ቤቴን ስትጠግን ኖረህ" አለችው፣ "ለባሌ ሲሆን ቸኮልክ?" ከዚያ ጮኸች። "ውጣልኝ! ገዳይ! ውጣልኝ!" ኤልዳናም በኖርዌጅኛ አንድ ነገር አለችው፤ በአማርኛ የሚከብድ ስድብ ነው። አክሊሉ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ነው ያደረገው።

አድነው ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ። ካህናቱ "እግዚኦ መሐረነ" ሲሉ አክሊሉ ከአጥሩ ውጭ፣ የማያውቃቸው የኖርዌጂያን መቃብሮች አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጸሎቱ አንድም ሳይጎድል እስከ መጨረሻው ደረሰለት። አክሊሉ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ደስታ ለጠላቴም አይስጠው። ከወር በኋላ የመጣው የፖሊስ ወረቀትም አደጋ መሆኑን የሚያፈርስ ነገር አላገኘንም አለ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የአክሊሉ ስልክ መጮህ አቆመ። አንዷ የልጇን ተደራራቢ አልጋ፣ እሱ የሠራውን፣ አፍርሳ ጣለች። ሌላው አዲስ ቁልፍ አስገጠመ። የቤተ ክርስቲያኑ ጽናጽል ሳይበላሽ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እንደገና ተጠገነ፤ አሁን ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ማኅሌት በቆሙ ቁጥር አክሊሉ ጥርሱን ይነክሳል። ያ ሁሉ ጉራ የት ገባ? በሥራ ቦታ ብቻ፣ ሕፃናት የሰበሩትን ወንበር ያጠብቃል፤ እነሱ ስለ ምንም አያውቁም።

ወይንሀረግ አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረችው። ሳህን እያጠበች፣ ወደ እሱ ሳትዞር፣ "ቀለሙን ያን ዕለት እኔ ነኝ ያቀበልኩህ" አለች። "ስትቀባውም አይቻለሁ።"

"ወይኒ" አላት፣ "ሆድ ይፍጀው።"

ሳህኑን አደረቀችው፣ ሰቀለችው። ዳግመኛ አላነሣችም። ቀለም መግዛት ግን አላቆመችም፤ የማይነካ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ፋሲካ ሲቀርብ ቀሲስ ዘሚካኤል ጠሩትና "አክሊሉ፣ ለምን ከቁርባን ራቅህ? ሳታውቅ የሠራኸው ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይላል" አሉት። አክሊሉ መሬት መሬት አየ። ለመቁረብ መናዘዝ አለበት። ቢናዘዝ የነፍስ አባቱ እሳቸው ናቸው፤ በመስቀሉ ፊት እንደዋሸ፣ ፍትሐቱን በውሸት እንዳስደረገ ሊነግራቸው ነው። የመንፈቁ አለ፣ የሙት ዓመቱ አለ፣ የሰባት ዓመቱ ተዝካር አለ፤ ካህኑ ካወቁ በኋላ እንዴት ይጸልያሉ? ሌላ ካህን ቢፈልግ ደግሞ፣ መናዘዝ የሚያበቃው "ተመልሰህ እውነቱን ተናገር" በሚል ቃል እንደሆነ ይገባዋል። ስለዚህ "በቂ አይደለሁም፣ አባቴ" ብሎ ወጣ። የጓደኛውን ጸሎት የገዛው በራሱ ጸሎት ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አልነበረም እላለሁ እንጂ ነበረ። ዘንድሮ፣ የአድነው ሙት ዓመት ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሙሉ ፕሪንስዳል መጥታ የአክሊሉን በር አንኳኳች። ወይንሀረግ ሥራ ላይ ነበረች። ግቢ ሳትባል ገባች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የላስቲክ ከረጢት አስቀመጠች። ፖሊስ ከአድነው ዕቃዎች ጋር የመለሰላት ነው። ውስጡ ያ ሰፊ የምላጭ ከለላ ከነብሎኑ አለ።

"እቤቴ ያለውን ሁሉ ልጥል ተነሥቼ ነበር" አለች። "አንተ የነካኸውን ሁሉ። የመብራቱን ማቆሚያ፣ የኤልዳናን ጠረጴዛ፣ የመታጠቢያውን በር። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ላይ መስመሯ አለች፤ አንዷም አልተሰበረች።" ጣቷን ከረጢቱ ላይ አደረገች። "እዚህ ላይ ግን አልቀባሁትም አልክ። ተቀብቷል። በቢላ ተፍቋል። ብሎኑ ራስ ውስጥ ቀዩ ቀርቷል።"

አክሊሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አፉን ከፈተ።

"አትናገር" አለችው። "አልጠየቅሁህም። ስልኩን ጥሎ ሲወጣ እኔ ነበርኩ ያየሁት። ከአንተ በፊት አውቄዋለሁ።"

ሙሉ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ስትናገር ግን ድምጿ ደረቅ ነበር።

"ኤልዳና አባቴን የገደለው አክሊሉ ነው ብላ ነው የምትተኛው። ትቶኝ ሄደ ከምትል ይህን ትበል። ሰዉም ወሬውን የተወው እኔ ስለተቆጣሁ ነው። የታረቅሁህ ቀን 'ለምን ታረቀችው?' ይላል፤ እንደገና ይጀምራል። ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው፤ ለሙት ዓመቱ ይታረቁ ብለዋል። እምቢ እላለሁ።"

"እምቢ በይ" አለ አክሊሉ።

"ከሰው ተጣልቼ እኔም አልቆርብም።"

"አውቃለሁ።"

"እስክንሞት ነው፣ አክሊሉ።"

"እስክንሞት" አለ።

ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ ያን ሞረድ ያሻከረውን እጁን አንሥታ ሳመችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ሲባባል፣ ሙሉና ኤልዳና በአክሊሉ አጠገብ አለፉ። ኤልዳና ፊቷን አዞረች። ሙሉ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እግሩ ሥር እንትፍ አለች። አክሊሉም እንደ በደለኛ አንገቱን ደፋ።